ግድፈት

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፣ ዘጌ ጫካው ዳር፣
ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ከመቃ ብዕር ጋር የሚያድር።
መጽሐፍ ሲያመጡለት፣ አስቀድሞ የሚያየው
ወርቁን አይደለም፣ ሐረጉን አይደለም፤ ስህተቱን ነው።
«ተመልከቺ» ይለኝ ነበር፣ ጣቱ መስመሩ ላይ ውሎ፣
«እዚህ ጋ አንዱ አንቀላፍቷል፣ ከቃሉ አንድ ሆሄ ጥሎ፤
ከርሱ የቀዳ ሁሉ ጉድለቱን ወርሷል፣ እንደ ርስት ተካፍሎ።
እውነትማ የሁሉ ናት፣ ዝምድና አታሳይም፤
ማን ከማን እንደ ቀዳ፣ ከግድፈት በቀር የሚናገር የለም።»

እኔ ብዕር አልያዝኩም።
ባሕር ዳር፣ ከላቦራቶሪው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
በነጭ ጋውን ቆሜያለሁ፣ ሐይቁ በመስኮት ሲታይ፣
ጓንቴ ውስጥ እጄ አልቦት፣ የበረዶውን ሣጥን ስከፍት፦
ሃያ ሦስት ብልቃጥ፣ ሃያ ሦስት ሆድ፣ ሃያ ሦስት ቤት።
ደልጊ። ቁንዝላ። ደቅ። ጎርጎራ።
ከመተማ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ፣ ደመወዙን ሳይቆጥር የተጠራ።
በሪፖርቱ ላይ ስሙ «አተት» ነው፤ ይሉኝታ አለበት።
ሆሄያቱ ይሉኝታ አያውቁም፤ ኮሌራ ነው የተጻፈበት።

የእኛ ፊደል ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፤ የዚህ ግን አራት፤
በአራቱ ብቻ ጽፎ ያድራል፣ ሰው የሚያደርቅ ድርሳናት።
ሲባዛ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤
አልፎ አልፎ፣ በስንት ወር አንዴ፣
እንደ ደከመው ደብተራ አንዲት ሆሄ ይለውጣል።

ከተማው ግን አልጠበቀኝም፤ ዳኝነቱ ቀድሞ አልቋል።
«እንድሪስ ነው፣ ዓሣ ሻጩ» ተብሏል፤
«ደንገል የሚጎነጉነው፣ ሐይቁ አፍ ላይ የሚያድረው፣
ከደሴት ደሴት በታንኳው ይህን መዓት የሚያሻግረው።»
የቆሮሶው ዘንቢል ገዢ አጥቶ ፀሐይ ላይ ሸተተ፤
ሚስቱ ቦኖ ላይ ስትደርስ፣ ሰልፉ ለሁለት ተከፈተ።
በሐምሌ አንድ ሌሊት ታንኳውን አቃጠሉት።
እርጥብ ደንገል ሲነድ ነበልባል የለውም፤ ነጭ ጭስ ነው፣
የሚያስለው ያቃጠለውንም ነው።
እንድሪስ ራሱ ታሞ ተኝቶ ነበር ያኔ፤ ብልቃጥ አሥራ ሰባት።

መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ጄኔሬተሩ አለቃቅሶ ተነሣ፤
ከኪስ ዳዊት የማትበልጥ መሣሪያ
ያንኑ ገጽ መቶ ጊዜ ደገመች፣ ሳትሰለች፣ ሳትረሳ።
ሊነጋ ሲል የዘሩ ሐረግ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤
ጣቴን እንደ አባቴ አስኬድኩ፣ ከጫፍ ወደ ግንዱ ጥግ፣ ቀስ እያልኩ፣ ስፈራ፣ ስጠጋ።
የመናኸሪያው ጀርባ ብልቃጥ፣ ሁለት ግድፈት አለበት።
የእንድሪስ፣ ያው ሁለቱ፣ አንድ ሌላ ተጨምሮበት።
የደቅ አራት። የደልጊ አምስት።
እንደገና ቆጠርኩ። ሻይ ጠጥቼ እንደገና ቆጠርኩት።

ከደሴት ወደ ከተማ አልመጣም፤ ከከተማ ነው የወረደው፣
ከአዲሱ ሕንፃ ሥር፣ ወደ ጣና በሚፈሰው፣
እኔም በየጠዋቱ አፍንጫዬን ይዤ በምሻገረው
ቦይ። እኛ ነን እናት መጽሐፉ፤
እርሱ ቅጂ ነው፤ በደሉ፣ ከቦዩ አፍ ማረፉ።
ከመናኸሪያው በላይስ? አላውቅም። ግንዱ ላይ ባዶ ስፍራ አለ፤
ብልቃጥ ያልሞላለት ሰው፣ ማንም ስሙን ሳይጽፍ ያለፈ፣ ወይ ድኖ የዋለ።

ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። እንድሪስ ደንገል ያስራል፤
አዲስ ታንኳ፤ ገና አንድ ጎኑ ብቻ ይታያል።
አነበብኩለት፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተጓዘ፤
ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ገመዱን በጥርሱ እንደ ያዘ።
ከዚያ ገመዱን ለቀቀና፣ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንሥቶ
ወደ ፀሐይ አየው፣ ጀርባውንም ገልብጦ፣ አጥንቶ።
«ይሄ» አለኝ፣ «ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?»

መልስ አጣሁ። የገመዱን ጫፍ አቀበለኝ፣ «በርቺ፣ ሳቢ» ሲል፤
ሳብኩ፤ ጓንት የለመደ እጄ በደንገሉ ጠርዝ ሲቆስል።